አራተኛው አዳር

ሰውየው በሩን ሳያንኳኳ ሲገባ መንገድ ጻፊዋ ቀና አላለችም። የጠዋት እንግዳ ብዙ ነው፤ ሁሉም እንደገባ የሚያየው እሷን ሳይሆን ከኋላዋ ግድግዳውን የሞላውን የተራራ ካርታ ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ መንገድ የሚመረጠው እዚህ ነው አሉኝ» ሲል ግን እጇ ላይ የነበረው ብዕር ቆመ። ድምፁን አወቀችው። አራት ዓመት ሙሉ ስትተኛም ስትነሳም ጆሮዋ ላይ ሲያቃጭል የኖረ ድምፅ እንዴት ይጠፋታል?

ቀና አለች። እሱው ነው። ትንሽ ወፍሯል፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ያ ትልቅ ሰዓት ግን ዛሬም እጁ ላይ አለ። ያኔ በመሪዎች ማኅበር አዳራሽ ቆሞ ቃሉን ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቷል፤ የሰው ኑሮ እያፈረሰ ቀጠሮ እንዳያልፍበት ይሰጋ ነበር። እሷና ቤተሰቧ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ ባለሰዓቱ ነው የሚሉት። እሱ ግን አላወቃትም። ያን ቀን መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ደግሞም ባለሰዓቱ የሰው ፊት የሚያስታውስ ዓይነት አይደለም።

«ይቀመጡ» አለችው። አፏ እርስዎ አለ እንጂ ሆዷስ ሌላ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታላቅ ወንድሟ፣ ወንድም ጋሼ የምትለው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተራራ መሪ ሆኖ ሠርቷል። ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ቀስበሉ ነው፤ እንግዶቹን ቀኑን ሙሉ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ እያለ ስለሚያሰለቻቸው። ባለሰዓቱ ያኔ በአጭሩ መንገድ ካልወጣሁ ብሎ ድርቅ አለ። ቀስበሉ እምቢ አለ። ሰውየው «ለአለቃህ ነግሬ አስባርርሃለሁ» ሲለው ግን ተሸነፈ፤ እውነቱን እንናገር ካልን የወንድም ጋሼ ጥፋት ይቺ ብቻ ናት፤ እሱም አይክዳትም። በሦስተኛው አዳር የከፍታ ሕመም ሰውየውን ጣለው። ሳሉ አላስተነፍስ አለው፣ መቆም አቃተው። ቀስበሉ የራሱን ደረቅ ካልሲና ጓንት አልብሶ፣ ከንጋት እስከ ምሽት በረዶ ላይ በጀርባው ተሸክሞ አወረደው። ባለሰዓቱ ሆስፒታል ገብቶ ዳነ። ውርጩ ግን የወንድም ጋሼን የግራ እግር አራት ጣት በላው።

ይህስ ይሁን። ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ ማኅበሩ ዘንድ ቀረበና «መንገዱን የመረጠው መሪው ነው» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተራራውን አውቀዋለሁ ብሎ ጉራውን ነዝቶ ስለነበር ማፈር አልፈለገም። ተሸካሚዎቹ ጭቅጭቁን አልሰሙም፤ ያኔ መንገድ በቃልም ይመረጥ ስለነበር የተጻፈ ነገር የለም። ተራራውን ላልለመደ እንግዳ አጭሩን መንገድ የመረጠ መሪ ደግሞ ባጁን ይነጠቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው ስሙ «እንግዳ ሊገድል የነበረው» ሆነ። ማኅበሩ ባጁን ነጥቆ ሲያበቃ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ክርክር እንዳይመጣ ብሎ መንገድ መጻፊያው ቅጽ ላይ አዲስ ጥያቄ ጨመረበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

መንገድ ጻፊዋ ያን ቅጽ ከመሳቢያዋ አወጣች። አንድ ገጽ ነው፤ ከሥሩ በካርቦን ሁለት ግልባጭ አለው። ላይኛው ክፍል የእንግዳው ነው፣ በገዛ እጁ ይሞላዋል። መካከለኛው የሷ ነው፤ እዚያ ላይ አዳሮቹን ትጽፋለች። ተራራ ሊወጣ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቃት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። የሷ ሥራ ግን የት የት እንደሚታደር መወሰን ነው። ሰው ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ቢመለስ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሰውነቱ ሳይለምድ ከፍ ብሎ ሲተኛ ነው። ስለዚህ እዚያ ቢሮ መንገድ መጻፍ ማለት እንቅልፍ መጻፍ ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጽፋለች፣ አንድም ሰው ታሞ ወርዶባት አያውቅም።

«ዘንድሮ ጫፉን ሳልረግጥ አልመለስም» አለ ባለሰዓቱ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። «አጭሩን ግን አልፈልግም። ከዚህ በፊት ሞክሬዋለሁ፣ ጉድ ነው ያደረገኝ።»

«እንግዲያው ረጅሙን እንጽፍልዎታለን። መጀመሪያ ይቺን ላይኛዋን ይሙሏት።»

ሞላ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። «ከዚህ በፊት ወጥተዋል? በየትኛው መንገድ? መንገዱን ማን መረጠ?» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ይሄ መራጩ ማን ቢሆን ምን ልዩነት አለው?»

«አለው። መሪ የመረጠላቸው ከጀማሪዎቹ ቡድን ጋር ነው የሚወጡት። ራሳቸው የመረጡት ከፈለጉ ብቻቸውን፣ ከአንድ መሪ ጋር መውጣት ይችላሉ።»

ይህን ስትል ወጥመድ እየዘረጋች አልነበረም። ደንቡ እንዲያ ነው፤ በዚያው ሳምንት ለስንትና ስንት ሰው ብላዋለች። ባለሰዓቱ ግን ጀማሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰደቡት ያህል ደሙ ፈላ።

«እኔ? ከጀማሪ ጋር? ራሴ ነኝ እንጂ የመረጥኩት! እንዲያውም ልንገርሽ፣ መሪው እምቢ ብሎኝ ነበር። ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ እያለ ነፍሴን ሲያወጣት፣ አስባርርሃለሁ ስለው ነው ጸጥ ያለው።»

የመንገድ ጻፊዋ ፊት ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «እንግዲያው እንደዚያው አድርገው ይጻፉት» አለች። «ማኅበሩ ዝርዝር ይወዳል።»

ጻፈው። በሚያምር የሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት፣ «መንገዱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ መሪው ተቃውሞ ነበር» ብሎ ጻፈና ነጥብ አሳረፈበት። አራት ዓመት የተፈለገ፣ ጠበቃ ያላገኘው፣ እናታቸው በየሰዉ ደጅ ዞራ ያጣችው ቃል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ሰውየው ግን አፉን አልዘጋም። ሰዓቱን አየና «ያ መሪ በኋላ ተባረረ መሰለኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ደግ ተደረገ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነገር።»

ፈሪ። በጀርባው የተሸከመውን ሰው ፈሪ አለው። መንገድ ጻፊዋ ዓይኗ ጭልም አለ። ወንድም ጋሼ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ጫማ ሲያደርግ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ጨርቅ ሲጠቀጥቅበት ታየት። ለዚያ ሁሉ አንድ መስመር ጽሕፈት ብቻ? ባለሰዓቱ መስመሯን ጽፎ፣ ተራራውን በሰላም ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ፎቶ ተነስቶ ሊወርድ? አይደረግም አለች በሆዷ። ወረቀቱ አነሰባት። ሳሉን ፈለገችው፣ ያንኑ ሳል፣ ደረቱን እያረሰ ሲያንፈራፍረው።

ብዕሯን አነሳች። አንደኛው አዳር፣ ጫካው በር። ሁለተኛው፣ ምንጩ። ሦስተኛው፣ ታችኛው ጎጆ። እስከዚህ ልክ ነው። በአራተኛው ቀን ረጅሙ መንገድ ሰውን እስከ ጥቁር ድንጋይ ያወጣና መልሶ ታችኛው ጎጆ ያሳድረዋል፤ የረጅሙ መንገድ ምስጢር ይቺ መመለስ ናት። ጥቁር ድንጋይ ታችኛው ጎጆን ሰባት መቶ ሜትር ያህል ይበልጠዋል። ቀን አይቶት ለሚመለስ ጨዋታ ነው፣ በአራተኛው ቀን ለሚተኛበት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ቀደም መሪዎች እዚያ ካሳደሯቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በማግስቱ በእግሩ አልወረደም። እሷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አራተኛው አዳር ብላ፣ ጥቁር ድንጋይ ብላ ጻፈች። የዚያን ቀን ጽሕፈቷ ከሌላው ጊዜ ያምር ነበር።

«ይሄ ረጅሙ ነው፣ አይደል?» አለ ባለሰዓቱ።

«ረጅሙ ነው። ከሁሉም የሚሻለው።»

ፈረመ። እሷም ፈረመች። ለሁሉም የምትለውን አለችው፦ ነጩ ማኅበሩ ዘንድ ይሄዳል፣ ቢጫው ዕቃ ቤት፣ ሰማያዊው ለመሪው። ነጩ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት ሐሳብዎን ከቀየሩ ማስቀደድ ይችላሉ፤ ከሰፈረ በኋላ ግን አይነካም። ባለሰዓቱ ራሱን ነቀነቀና ጫማ የሚከራየው የት እንደሆነ ጠየቃት። «ምድር ቤት፣ ዕቃ ቤቱ ጋ። ግን ከምሳ በኋላ ይምጡ» አለችው። ምሳ ሊበላ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ነጩንና ቢጫውን ማህደር ውስጥ ከታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ መንገድ ተሻግራ ነጩን ለማኅበሩ ከመስጠቷ በፊት አንድ ሰው ማየት አለበት።

ወንድም ጋሼ ዕቃ ቤት ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ባጁን ሲነጠቅ እሷ የምትሠራበት ድርጅት ያገኘለት ሥራ ይህ ነው። ቢጫው ወረቀት ሲመጣለት ለእያንዳንዱ አዳር አንድ ከረጢት ያዘጋጃል፤ ጋዙን፣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን እንደ ማደሪያው ብርድ እየመጠነ። ከረጢቶቹን ግድግዳው ሥር በተርታ ያቆማቸዋል። አብረውት የሚሠሩት «ቀስበሉ ዛሬም ተራራ እየወጣ ነው፣ ተቀምጦ» ብለው ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል።

«ወንድም ጋሼ! እንካ አንብብ!»

«ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ?» መነጽሩን አደረገ። እንደ ልማዱ የላይኛውን አልፎ በቀጥታ ወደ አዳሮቹ ሄደ። ጣቱ ወረደና አራተኛው ላይ ቆመ። «እህትዓለም፣ እዚች ጋ እጅሽ ስቷል። ታችኛው ጎጆ ነው የሚሆነው።»

«እሱን ተወውና የላይኛውን አንብብ አልኩህ!»

አነበበ። መጀመሪያ ስሙን። ፊቱ ደነዘዘ። ከዚያ ያቺን መስመር። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አነበባት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ሦስተኛም ሳያነባት አልቀረም። «ጽፎታል» አለ በመጨረሻ። «በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ! ፊቴ ተቀምጦ!»

ወንድም ጋሼ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንባው መጣና ሳይጠርገው ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላለቀሰም፤ እህቱ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘችው። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ዓይኑ ቀስ እያለ ተመልሶ ወደ አራተኛው አዳር ሄደ። አንድ ነገር ገብቶታል።

«ይሄን እጅሽ ስቶ አይደለም የጻፍሽው።»

«አይደለም።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው! ምን ይጠበስ? ፈሪ ነው ያለህ! አንተን! ተባረረ፣ ደግ ተደረገ እያለ ሳቀ። አንተ አራት ጣትህን ስትሰጥ እሱ ምን ሰጠ? አሁን ይቅመሳት። እዚያው ይሳል፣ እዚያው ይንፈራፈር!»

ወንድም ጋሼ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «መሪው ማን ነው?» አላት።

«ተራው የሎጋው ነው» አለች፤ ረጅሙን ወጣት መሪ እንዲያ ነው የሚሉት።

«ሰውየው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ በማን ጀርባ ነው የሚወርደው?»

ክው አለች። እውነቱን ለመናገር ይህን አላሰበችውም። የሰውየውን ሳል አስባለች፣ መውደቁን አስባለች፤ አጠገቡ ማን እንደሚቆም ግን ሐሳቧ ውስጥ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት የጻፈችው ቅጽ የእንግዳውን ስም፣ የእንግዳውን ዕድሜ፣ የእንግዳውን አዳር ይይዛል፤ የመሪው ስም ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ሰው ከልቧም ወጥቶላት ነበር። የመሪ እህት ሆና ይህን መርሳቷ ፊቷን በኀፍረት አጋለው።

አፏን ከመክፈቷ በፊት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። «ጫማ የሚከራየው እዚህ ነው?» አለ ባለሰዓቱ። ምሳው አልጣመው እንደሆነ እንጃ፣ ቀድሞ መጥቷል።

ወንድም ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ሲነሳ በግራ እግሩ ያነክሳል። ባለሰዓቱ እግሩን አየ፣ ከዚያ ፊቱን አየ። የሰው ፊት የማያስታውሰው ሰውዬ ይሄን ፊት አስታወሰው፤ ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ ሆኖ ጆሮ ግንዱን ሲያይ ውሏላ። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ መንገድ ጻፊዋ ዞረ፤ ግንባራቸው አንድ ነው፣ ቅንድባቸው አንድ ነው። በመጨረሻ ቢጫውን ወረቀት አየ። ሞኝ አይደለም፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው።

«አንተ... ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ ወንድም ጋሼ።

«እህትህ ናት?»

«ታናሼ ናት።»

ባለሰዓቱ እጁን ዘረጋ። «ያን ወረቀት መልሱልኝ። ሳይመዘገብ ማስቀደድ ትችላለህ ተብያለሁ። አሁን፣ ዓይኔ እያየ ይቀደድ። ሌላ እሞላለሁ።»

መንገድ ጻፊዋ ማህደሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ሌላ ሲሞላ መራጩ ማን እንደሚሆን ለማንም አልጠፋውም።

«ቅደጂው» አለ ወንድም ጋሼ ቀስ ብሎ።

«ወንድም ጋሼ!»

«ቅደጂው ነው የምልሽ፣ እህትዓለም።»

ለምን እንዲህ እንዳላት ገብቷታል። ከተቀደደ አራተኛው አዳርም አብሮ ይቀደዳል። ሰውየው ይተርፋል፣ ሎጋው ይተርፋል፣ እሷም ሥራዋ ላይ ትቀጥላለች፤ ምን እንዳደረገች ከወንድሟ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። የሚጠፋው የሱ ስም ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያንን ለመስጠት አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበም። ይህን ስታይ ለባለሰዓቱ የነበራት ጥላቻ ባሰባት፤ እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኮ የበላባት።

«አልቀድም!» አለችና ሰውየውን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

ማኅበሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። መኪናውን ሁሉ በእጇ እያስቆመች ተሻገረች። ከኋላዋ ባለሰዓቱ «አንቺ! አንቺ ሴትዮ!» እያለ ይከተላታል፤ ከሱም ኋላ የወንድሟ ያልተስተካከለ እርምጃ ይሰማታል። አዳራሹ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ መሪዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ሎጋው እግሩን ዘርግቶ መሐላቸው ነው። ሽማግሌው ሊቀመንበር መዝገባቸው ፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ነጩን ወረቀት ብርጭቆው አጠገብ አኖረችው።

«ይመዝግቡልኝ፣ ጋሼ።»

«ያስቀደድኩት ወረቀት ነው!» አለ ባለሰዓቱ እያለከለከ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገልበጥ መለስ አደረጉት። «የተቀደደ ነገር አይታየኝም» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ ጀምረው አነበቡ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሰውየውን አዩት። ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ጠረጴዛ የወንድሟን ባጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ቀጥለው ያቺን መስመር ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አግዳሚው ላይ ያለ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው አነበቧት፦ «መንገዱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ መሪው ተቃውሞ ነበር።»

አንዱ መሪ «ቀስበሉ!» አለ፤ ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ደርሶ መቃኑን ይዞ ነበር።

«እህቱ ናት! አታልላ ነው ያጻፈችኝ!» አለ ባለሰዓቱ።

«እጅህን ይዛ ጻፈችልህ?» አሉት ሊቀመንበሩ። «ጽሕፈቱ የማን ነው?» ባለሰዓቱ ሰዓቱን አየ። መንገድ ጻፊዋ ፊቱን ታየዋለች፤ ቅላቱ ከአንገቱ ተነስቶ ጆሮው ድረስ ሲወጣ እያየች ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፣ አትዋሽም።

ሊቀመንበሩ ግን ማንበባቸውን ቀጠሉ። እሳቸውም በጊዜያቸው መሪ ነበሩ። ጣታቸው ከአንደኛው አዳር ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ወረደና አራተኛው ላይ ቆመ። «ጥቁር ድንጋይ» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «በአራተኛው ቀን።»

ሎጋው ዘርግቶት የነበረውን እግር ሰበሰበ። ሰማያዊው ወረቀት የሚደርሰው ለሱ እንደሆነ ያውቃል።

«ምንድን ነው? አራተኛው ምን ሆነ?» አለ ባለሰዓቱ፤ የሁሉም ሰው ፊት ሲለወጥ አይቶ ነው።

«እዚያ ብትተኛ ኖሮ» አሉት ሊቀመንበሩ፣ «ያው እንዳለፈው ጊዜ ሰው ተሸክሞ ነበር የሚያወርድህ። ያውም ከደረስክ።»

ባለሰዓቱ አግዳሚው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ቀላ ብሎ የነበረው ፊት አመድ መሰለ። መንገድ ጻፊዋን አያት። እሷም አየችው፣ ዓይኗን አልሰበረችም። «ቅደጂው ብሎ ሊያድንህ የሞከረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው፤ አንቱታው አልቋል። «በሩ ላይ የቆመው ፈሪ ነው። ሁለተኛ ጊዜው ነው እንግዲህ።»

ወንድም ጋሼ እያነከሰ ገባና ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። «ጋሼ፣ ስህተት ነው» አለ በጥድፊያ። በሕይወቱ ተጣድፎ የተናገረው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «እንግዳ ሲበዛባት እጇ ስቶ ነው። እኔ ዕቃ ቤት አይቼ ልታስተካክለው ስትል ነው...»

ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነው የሚዋሸው፤ መዋሸት አይችልበትም። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ለቤተሰቡ የሚያዝኑ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ስህተት ከሆነ ደንቡ ግልጽ ነው። አዳሩ በስህተት የተጻፈበት ቅጽ ከላይ እስከ ታች ውድቅ ነው፤ አሁኑኑ እቀደዋለሁ፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ታውቆ ከተጻፈ ግን መቅደድ አልችልም። ማስረጃ ነው፤ እንዳለ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የላይኛውም የታችኛውም።» ቀና ብለው አዩዋት። «የታችኛው ምን እንደሚያስከትልብሽ መቼም አይጠፋሽም። እና ስህተት ነው?»

ባለሰዓቱ ቀና አለ። ወንድም ጋሼ ክንዷን ያዛት፤ ጣቶቹ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጨመቃት። ሎጋው ከአግዳሚው ተነስቶ ቆሟል። ትናንት ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኝተው ሚስቱ እንደወለደችለት የነገራት ልጅ ነው፤ አሁን ግን እንደማያውቃት ሰው ነው የሚያያት። ይሄ ከሁሉም ይበልጥ አመማት። ይገባኛል አለች በሆዷ።

ክንዷን ከወንድሟ እጅ ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

«ስህተት አይደለም» አለች። «አውቄ ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጡ። የወንድሟ ስም ያለበትን ገጽ ፈልገው አገኙና ከሥሩ የባለሰዓቱን መስመር ጻፉ፣ ቀኑንም አኖሩ። ከዚያ ወደ ባዶ ገጽ ገለበጡና እንደ ደንቡ የሷን ስም ጠየቋት።